ዳገት ላይ ከብስክሌት መውረድ

ከብስክሌቴ ጋር ያጣላኝ ጉልበቴ ነው። ከአማቴ ጋር ያጣላኝ ደግሞ ብስክሌቴ ነው፤ ያውም ገና አማቴ ሳይሆኑ። ሁለቱንም ጠብ ያበረደችው አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ብረት ናት ብል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔም ካለፈ በኋላ ስቄያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ብረቷ ላስረዳ። የኮርስ፣ ማለትም የውድድር፣ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ፔዳል እንደ ተራው ዝም ብሎ የሚረገጥ አይደለም። ጫማው ለብቻው ነው፤ ሶሉ እንደ ጣውላ የደረቀ፣ ከሥሩ ክሊት የሚባል ቁራጭ በብሎን የታሰረበት። ክሊቱን ፔዳሉ ላይ አድርገው ጫን ሲሉት “ቀጭ!” ይልና እግርና ብስክሌት አንድ ይሆናሉ። ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ማድረግ ነው። በቃ ይኸው ነው። ሲያወሩት እንዴት ይቀላል!

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ወደ እንጦጦ ሽቅብ እወጣና ተመልሼ እወርዳለሁ። ዳገቱን የወጣሁ ቀን የትኛውም ተማሪ አያናድደኝም። ያልወጣሁ ቀን ግን ልጆቹ ራሳቸው “ዛሬ ቲቸር ብስክሌቷን አልነዳችም፣ ዝም በሉ” ይባባላሉ።

ድሮ በተራ ፔዳል ነበር የምነዳው። አንድ ክረምት ዝናብ ላይ እግሬ አዳለጠኝና ፔዳሉ ዞሮ ቅልጥሜን ላጠው። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ቀሚስ በለበስኩ ቁጥር ሰው “ምን ነክቶሽ ነው?” ይለኛል። ከዚያ በኋላ ውድድር ካቆመ አንድ ልጅ ጫማውንም ፔዳሉንም አንድ ላይ ገዛሁ። “ይሄ የቁም ነገረኛ ሰው ፔዳል ነው” አለኝ። ቁም ነገረኛ መባል ማን ይጠላል? ገዛሁ።

ለካ ያ ክሊት እግርን በማስመሪያ እንደተሰመረ መስመር ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ንቅንቅ የለም። እኔ ደግሞ ስራመድ እግሬ ትንሽ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ እናቴ “እንደ ዳኛ ነው የምትሄጂው” ትለኛለች። የእኔ እግር ወደ ውጭ ሲል ክሊቱ ወደ ውስጥ ሲል፣ መሐል ቤት የተሰቃየው ጉልበቴ ነው። ጣቶቼም ይደነዝዙ ነበር። በዚያ ላይ የፔዳሉ ብሎን እስኪበቃው ጠብቆ ስለነበር መውጣት ጭንቅ ነው። አጥር፣ ግንድ ወይም የመብራት ምሰሶ ካላገኘሁ ቆሜ አላውቅም። የሰፈሩን ምሰሶ ሁሉ አቅፌዋለሁ።

እንግዲህ ከፈረንሳይ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት አካባቢ አንድ ኩርባ አለ። መንገዱ እዚያ ጋ ሲደርስ ሽቅብ ቀጥ ይላል፤ ታክሲ እንኳ ያቃስታል። እዚያ ኩርባ ላይ በየጠዋቱ አንድ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆመው አየር ይወስዳሉ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል። እኔም “እንደምን አደሩ አባባ!” እላለሁ። እልና አልፋለሁ። ትንፋሼ ስለሚያጥር ግማሹ እንኳ አይሰማም፤ “እንደም… ባባ!” ነው የሚደርሳቸው።

አይመልሱልኝም። እንዲያውም አንድ ቀን ዘንጋቸውን አንሥተው “ውረድ!” አሉኝ። ሄልሜት፣ መነጽር፣ ብርዱን ፍራቻ አፌ ላይ የጠመጠምኩት ጨርቅ… ወንድ መስዬአቸዋለሁ። “ውረድና እንደ ሰው ሰላም በል!” እኔም “እሺ አባባ!” አልኩና ሽቅብ ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? እዚያ ላይ ምሰሶ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። የምወደው ሰው ነበረኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ረጋ ያለ፤ ብስክሌት ላይ ቢያስቀምጡት ዓይኑን የሚጨፍን ዓይነት። ቤተሰቦቹን አላውቃቸውም ነበር፤ ሽማግሌ ሳይላክ ቤት ለቤት መዞር እነሱ ዘንድ ነውር ነው። ቤታቸው የት እንደሆነ ስጠይቀው “ወደ ላይ ነው” ይለኛል። ወደ ላይ ደግሞ ስንት ቤት አለ! ፆሙ ሳይገባ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተን ነበር። ለዚያ ደግሞ አባቱ ያስፈልጉ ነበር። ምክንያቱም የእኔ አባት “አባቱ በሕይወት እያለ ጎረቤት ሰብስቦ የሚልክብኝ ማነው?” ብሎ በሩን ይዘጋል፤ አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ ይህ ረጋ ያለ ሰው ትኩር ብሎ አየኝ።

“ሄልሜትሽ ቢጫ ነው አይደል?”

“ቢጫ ነው። ምነው?”

“አባቴን ሰሞኑን አንድ ባለጌ ብስክሌተኛ አናዷቸዋል። ቢጫ ቆብ የሚያደርግ። ሳይወርድ እየጮኸባቸው ያልፋል ይላሉ። ‘እሱን ሳላስወርድ ዓይኔ አይከደንም’ ብለው ትናንት እራት ላይ ማሉ።”

ማኪያቶው ትን አለኝ። አስተናጋጇ መጥታ ጀርባዬን መታችኝ።

ነገሩን ሲያብራራልኝ የባሰ ነው። አባቱ ያደጉት ከእንጦጦ ጀርባ፣ ገበሬ ቤት ነው፤ ኦሮምኛም አማርኛም እኩል አፋቸውን የፈቱበት ስለሆነ ሲቆጡም በሁለቱም ነው። የእሳቸው አባት በቅሎ ነበራቸው። በበቅሎ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ሽማግሌ ካገኘ ወርዶ፣ እጅ ነሥቶ ነው የሚያልፈው። ኮርቻ ላይ ሆኖ የቀረበ ሰላምታ ለእሳቸው ስድብ ነው። በቅሎ ይሁን ብስክሌት፣ መቀመጫ መቀመጫ ነው። “ለሰው የማይወርድ ሰው ለምን ይወርዳል?” ይላሉ አሉ።

“ታዲያ እኔ መሆኔን ለምን አልነገርካቸውም?”

“ነግሬ? እሳቸው ናቸው ያችን ባለጌ ብለው ሽማግሌ የሚሄዱት?”

“አለቀልኝ በለኛ!”

“ተራ ፔዳል ብታደርጊስ? ቆይ፣ ፔዳል ነው ይሄ ወይስ እግር ብረት?”

“ቅልጥሜን አንተ ትሰፋልኛለህ?”

“እሺ፣ በሌላ መንገድ ሂጂ።”

“አልሄድም!” አልኩ ጠረጴዛውን መትቼ። ግልፍተኛ ነኝ፤ ምን ይደረግ። “ነገ እወርድላቸዋለሁ። እንደ ሰው ወርጄ፣ እንደ ሰው ሰላም እላቸዋለሁ።”

በነጋታው ኩርባው ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ደረቴ ላይ ሰክቼ ነበር። አባባ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ ታክሲ ሰው እየጫነ ነው። አጠገባቸው ስደርስ ፍሬኔን ያዝኩ፣ “እንደምን አደሩ አባባ!” አልኩ፣ ቀኝ ተረከዜን ጠመዘዝኩ። እንቢ። ጠመዘዝኩ። እንቢ! ብስክሌቷ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ትንሽ አሰበችበት፣ ከዚያ እኔን እንደያዘች በጎኗ ጋደም አለች። ግንባሬ ያረፈው እግራቸው ሥር ነው፤ የጫማቸው ክር ዓይኔ ውስጥ ሊገባ።

ታክሲው ሰው መጫኑን ተወ።

በኛ አገር የበደለ ሰው እግር ላይ ከወደቀ “ይቅር ብዬሃለሁ” ሳይባል አይነሳም። ይህን እሳቸው ያውቃሉ፣ ቆመው የሚያዩት ሁሉ ያውቃሉ። የማያውቀው ፔዳሌ ብቻ ነው።

“ተነስ” አሉ አባባ፣ ድምፃቸው ለዘብ ብሎ።

መነሳት ፈልጌ ተፍጨረጨርኩ። ሁለቱም እግሮቼ ተቆልፈዋል።

“ይቅር ብዬሃለሁ፤ ተነስ ልጄ።”

አልተነሳሁም።

“ስለ ማርያም ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ እኮ!”

አሁንም አልተነሳሁም። ብስክሌቷን ታቅፌ እገለባበጣለሁ።

“ኧረ በሕግ! ምን ጨምሬ ልማርህ? በሙሉ ልቤ ነው! ተነስ!”

ታክሲው ውስጥ ያሉ አንዲት ሴትዮ “በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅም አለ ለካ” ብለው በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ። “አባባ፣ እግሬ አልላቀቅ ብሎኝ ነው” አልኩ ከመሬት። ግን ድምፄ ሲሰማ “ሴት ናት! ሴት ናት እኮ!” የሚል ጫጫታ ተነሣና የተቀረውን ማንም አልሰማኝ። በመጨረሻ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ፣ እግሬን ከጫማው መዥረጥ አድርጌ አወጣሁና በካልሲ ፊታቸው ቆምኩ። ጫማዎቼ ፔዳሉ ላይ እንደተሰኩ ቀሩ። ጫማ አውልቆ መቆሜም እንደ ተጨማሪ ትሕትና ተቆጠረልኝ።

“ማነው ያሳደገሽ?” አሉኝ።

“እናትና አባቴ።”

“ይባረኩ። አንቺም ተባረኪ።” ግንባሬን ሳሙኝ። የት ልግባ! ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከሥራ በኋላ ለዚያ ለረጋው ሰውዬ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሲስቅ አይቼው የማላውቀውን ያህል። ከዚያ ግን ሳቁ ቆመ። አባቱ ምሳ ላይ ይህንኑ ታሪክ አውርተው፣ “እንደዚያች ያለች ልጅ ብታመጣ ነገውኑ ሽማግሌ እሄድልህ ነበር” ብለውታል።

“ፔዳሉ ይዞኝ መሆኑን ካወቁስ?”

“ካወቁማ የተቀለደባቸው ነው የሚመስላቸው። ያኔ አለቀልን።”

ስለዚህ ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛ፣ ከነገ ጀምሮ እውነተኛ አወራረድ መውረድ አለብኝ፤ ያቺ “የተባረከች ልጅ” ሳትወርድ ብታልፍ ጉድ ነው። ሁለተኛ፣ ጉልበቴ። የዚያኑ ዕለት ወደ ብስክሌት ሠሪዬ ሮጥኩ። እሱ የቀድሞ ተወዳዳሪ ነው፤ እንደ ራሱ አወራር አንደኛ ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ ሰንሰለቱ ይበጠስበታል። የጉልበቴን ነገር ስነግረው “ጉልበትሽ ሳይሆን ልብሽ ነው የደከመው” አለኝ። ብሎኑን አላላልኝና ክሊቱን ቀየረልኝ፤ አዲሱ እግርን ትንሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያላውስ ነው። ቦታውንም ከጣቶቼ ወደ ኋላ ሳብ አደረገው። እዚያው ቆሜ ስሞክረው ጉልበቴ “እፎይ” አለ። እውነቴን ነው፣ ከእግሬ ላይ የሆነ ነገር ወረደልኝ።

በማግስቱ ኩርባው ላይ ደርሼ ጠምዘዝ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ወጣ! በደስታ ልጮህ ነበር። ችግሩ መሬት ስረግጥ መጣ። አዲሱም ክሊት እንደ ድሮው ከሶሉ ሥር ወጣ ያለ ትልቅ ፕላስቲክ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ሲያርፍ እንደ ሳሙና ነው። እጅ ልነሣ ጎንበስ ስል ተንሸራትቼ ዘንጋቸውን ይዤ ቀረሁ። ሁለታችንም ለትንሽ ዳንን።

“ትናንት እግሬን፣ ዛሬ ዘንጌን” አሉ። “ቀስ በቀስ ቤቴን ልትወስጂ ነው?”

ሳያውቁት እውነቱን ተናግረዋል። እኔ እንደ ቲማቲም ቀላሁ።

ያ ጫማ እዚያ ላይ አበቃ። ለብስክሌት ሠሪዬ “መንዳት ብቻ ሳይሆን መቆምም እፈልጋለሁ” አልኩት። “ኮርስ ብስክሌት ላይ የተራራ ብስክሌት ፔዳል? ሰው ምን ይላል!” ብሎ ፊቱን አኮማተረ። “ሰው የሚለውን እኔ እችለዋለሁ፣ አንተ ብቻ እሰርልኝ” አልኩት። የተራራው ክሊት ትንሽ ብረት ናት፤ በሶሉ ጉድጓድ ውስጥ ስለምትደበቅ ጫማው እንደ ማንኛውም ጫማ ይራመዳል። ፔዳሉም በሁለቱም ፊቱ ይይዛል፤ የትኛው ወገን ወደ ላይ ነው እያሉ ማቀርቀር የለም። እግርንም ያላውሳል። ክብደቷ ከዚያኛው ትንሽ ይበልጣል፤ ይብለጥ። ብሎኗን እስከ መጨረሻ አላላሁና ቤታችን አጥር ሥር ቆሜ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ስል አመሸሁ። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ “ምን እየሰበርሽ ነው?” አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ደስ የሚል ነበር፣ ምንም እንኳ እግዜር የሚያውቀው ብዙ ብራገምም። ዳገት ላይ መቆም ቀላል ነገር አይደለም። ሙሉውን አቀበት ትንፋሼን መጥኜ መጥቼ፣ ከሁሉ የባሰው ቦታ ላይ እወርዳለሁ። እዚያ ላይ እንደገና መነሣት ስለማይቻል ብስክሌቷን እየገፋሁ መንገዱ ለጥ እስኪል በእግሬ እወጣለሁ። የሚያልፉኝ የታክሲ ረዳቶች “አንቺ ነሽ የምትነጃት ወይስ እሷ ናት የምትነዳሽ?” ይሉኛል። መልሼላቸዋለሁ፤ መልሱ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ግን አባባን ለመድኳቸው። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ነገሩኝ፤ የኔንም ነገርኳቸው። “በዚህ ዕድሜሽ የምን የጉልበት ሕመም ነው?” ብለው ከተቆጡኝ በኋላ ቅቤ ቀብተው በጨርቅ እንደሚያስሩት አስተማሩኝ። እኔም ክሊቷን ከሥር አሳየኋቸው። በጣታቸው ነካ አደረጓትና “ይህቺ ናት የምታስርሽ? ስትይዢ አትጥበቂ፣ ስትለቂ አትዘግዪ በያት” አሉኝ፣ እንደ ሰው ቆጥረዋት። ሁልጊዜ ስሄድ “ሂጂ ልጄ፣ ዳገቱን ሜዳ ያርግልሽ” ይሉኛል። ወደድኳቸው። በወደድኳቸው መጠን ደግሞ ያ የውሸት ይቅርታ ይቆረቁረኝ ጀመር።

ፆሙ ሲቃረብ ቀኑ መጣ፤ “ሳላያት ሽማግሌ አልሄድም” ስላሉ፣ ነውር ቢሆንም ልጃቸው ሊያስተዋውቀኝ ቤት ወሰደኝ። ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ጠባሳዬን ሸፍኛለሁ። አባባ ከወንበራቸው ቀና ብለው አዩኝ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ፣ ከዚያ ጭናቸውን ጠፍ አድርገው “ቢጫዋ!” አሉ። “ልጄ፣ ይህቺን ነው? ይህቺን ካመጣህማ ተገላገልኩ!” አቀፉኝ፣ አገላብጠው ሳሙኝ። ሁሉም ነገር በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት!

ከዚያ ተቀመጡ። እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

“ያን ጊዜ የማን አባት እንደሆንኩ ታውቂ ነበር?”

ልጃቸው ሳለ። በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ደግነቱ በእግሬ ላይ የሚደርስ ነገር ለምጃለሁ። ዝም ብል ይሻል ነበር። ግን እሳቸው ፊት መዋሸት አልቻልኩም።

“አውቅ ነበር አባባ። ደግሞ ያን ቀን እግርዎ ላይ የወደቅኩት ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አይደለም። ፔዳሉ አልለቅ ብሎኝ ነው።”

ልጃቸው ዓይኑን ጨፈነ።

“መውደቅሽንማ አይቻለሁ” አሉ። “ዕውር ነኝ እንዴ? ጫማሽ ብረቱ ላይ ተሰክቶ ቀርቶ የለም?”

“ታዲያ ለምን ይቅር አሉኝ?”

“አገር ተሰብስቦ! ሦስት ጊዜ ‘ምሬሃለሁ’ ብዬ ከጮኽኩ በኋላ ምን ልበል? ‘ቆይ፣ ብረቱ ይዞት ነው’ ልበል?” ዘንጋቸውን አገላበጡ። “እሱን ተይው። በማግስቱስ? በማግስቱም ብረቱ ነው ያወረደሽ?”

“የለም። በማግስቱ ራሴ ነኝ የወረድኩት። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ። ልጅዎን ስለምፈልግ ነው፤ እንዳይከለክሉኝ።”

በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ በልቤ፤ ይህን አፌን የሚቆልፍ ክሊት ቢኖር ኖሮ! አባባ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

“ታዲያ ሰው ለምን ይወርዳል መሰለሽ?” አሉ። “ለሚፈልገው ነገር ነው እንጂ። አባቴስ ከበቅሎው ይወርድ የነበረው መቀመጥ ሰልችቶት ነው?” ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና፣ “እሁድ እሄዳለሁ፤ ሁለት ሰው ፈልግልኝ” አሉት።

እሁድ ቤታችን ከማለዳ ጀምሮ ሲጠረግ ዋለ። የእኛ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በቀጭን ኮብልስቶን ወጣ የሚባልበት ነው፤ አጭር ግን ክፉ ዳገት። እኔ መስኮቱ ጋ መጋረጃ ገልጬ ቆሜያለሁ። ከሰዓት በኋላ የኮንትራት ታክሲ ከታች አስፋልቱ ላይ ቆመና ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ በእጁ ወደ ቤታችን ያመለክታቸዋል፤ መኪናው እስከ በሩ እንደሚገባ እየነገራቸው ነው። አባባ ዘንጋቸውን ወዝውዘው ሂድ አሉት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ዳገቱን ጀመሩት። ጥቂት ይወጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ያን የሚያማቸውን ጉልበት በእጃቸው ይይዛሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ።

እናቴ ከኋላዬ መጣች። “ምነው ከዚያ ወረዱ?” አለች። “መኪና እኮ በራችን ድረስ ይገባል።”

“ይገባል” አልኳት። እንባዬን በመጋረጃው ጠረግኩ። አባባ በራችን ላይ ደርሰው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና አንኳኩ።